ሰዳቢው ልጅዎ ሲሆን፦ በእስያውያን ልጆች ላይ ስለሚደርስ ዘረኝነት ለሐበሻ ወላጆች

በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአሌክሳንድሪያ ወይም በሲያትል ልጅ የሚያሳድግ ሐበሻ ስለ ዘረኝነት ሲያስብ መጀመሪያ የሚመጣበት ጥያቄ «ልጄን ቢሰድቡት ምን ይበል?» የሚል ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው። ነገር ግን እዚያው ክፍል ውስጥ ከልጅዎ አጠገብ የቬትናም፣ የኮሪያ፣ የፊሊፒንስ ወይም የቻይና ቤተሰብ ልጅ ተቀምጧል። እሱም ይሰደባል። የሚሰድበው ደግሞ አንዳንዴ የእኛው ልጅ ነው። ይህ መመሪያ ለተሰደበውም ለተመልካቹም የሚሆን ነገር አለው፤ ብዙውን ቦታ የያዘው ግን ማንም ወላጅ ሊሰማው የማይወደው የሰዳቢው ጉዳይ ነው።

በኮሮና ጊዜ የሆነውን እናስታውሳለን። የዓለም ጤና ድርጅት በሽታ በአገርና በሕዝብ ስም እንዳይጠራ በ2015 መክሮ ነበር (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሆኖም በ2020 ትልልቅ ፖለቲከኞች ሳይቀሩ «የቻይና ቫይረስ» አሉ፣ ልጆችም ቃሉን ይዘውት ትምህርት ቤት ገቡ። በማርች 2021 አትላንታ አካባቢ አንድ ታጣቂ ስምንት ሰዎች ሲገድል ስድስቱ የእስያ ዝርያ ያላቸው ሴቶች ነበሩ። ወረርሽኙ ሲያልፍ ስድቡ አብሮ አላለፈም። ዓይንን በጣት መሳብ፣ «ቺንግ ቾንግ» እያሉ ማላገጥ፣ በምሳ ዕቃ ላይ አፍንጫ መያዝ ዛሬም አለ፤ ከኮሮናም በፊት ነበረ።

ከቤት አፍ ይጀምሩ

ልጅዎን ከማናገርዎ በፊት ለጥቂት ቀናት የራስዎን ሳሎን ጆሮ ሰጥተው ያድምጡ። ልጅ ስድብን ከጓደኛውም ከቲክቶክም ይማራል፤ ከእኛም ይማራል።

አዲስ አበባን የሚያውቅ ሰው መንገዱና ባቡሩ በሚሠራበት ዘመን ልጆች ፊቱ እስያዊ የመሰለውን ሁሉ «ቻይና! ቻይና!» እያሉ ሲከተሉ አይቷል። ጃፓናዊም ይሁን ኮሪያዊ ልዩነት አልነበረውም። ክፋት የለበትም እንላለን፣ አብዛኛውን ጊዜም አልነበረበት ይሆናል። አሜሪካ ውስጥ ግን ያው ቃል የሚያርፈው እዚሁ ተወልዶ፣ እንግሊዝኛ አፉን የፈታበት ሆኖ ሳለ «ወደ አገርህ ሂድ» ሲባል ያደገ ልጅ ላይ ነው። ከጀርባውም ረጅም ታሪክ አለ። ከ1882 እስከ 1943 የቻይና ሠራተኞች አሜሪካ እንዳይገቡ በሕግ ተከልክለው ኖረዋል። በ1942 ደግሞ 120,000 ያህል የጃፓን ዝርያ ያላቸው ሰዎች ከቤታቸው ተነቅለው በካምፕ ታጉረዋል፤ ሁለት ሦስተኛው የአሜሪካ ዜጎች ነበሩ።

እና ቤት ውስጥ ምን እንላለን? ዕቃ ሲሰበር «የቻይና ነው፣ ምን ይጠበቃል» እንላለን። የእስያ ምግብ ቤት ፊት ለፊት ስናልፍ ስለ ውሻ ሥጋ ቀልድ ይጣላል። እንግዳ በተሰበሰበበት አንዱ ዓይኑን ስቦ የሚቀልድ ሰው ቪዲዮ ያወጣል፣ ስልኩም ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ልጁ ሶፋው ጥግ አይፓዱን ይዞ ተቀምጧል፤ የማይሰማ ይመስለናል።

ከእነዚህ ሁሉ ይበልጥ የሚጎዳው፣ እኛም ጭራሽ የማንጠረጥረው፣ ንጽጽሩ ነው። የውጤት ካርድ የመጣ ቀን «እነዚያን የቻይና ልጆች አታያቸውም? እነሱ ምን የተለየ ጭንቅላት ተሰጣቸው?» ይባላል። ምስጋና ይመስላል፤ እስያውያንን እያሞገስን የሆነ ይመስለናል። ልጁ የሚሰማው ግን ሌላ ነው። በማያውቀው ልጅ ሲመታ ይኖርና አንድ ቀን ያንን ልጅ ምሳ ቤት ሲያገኘው ቂሙን ይወጣበታል። እስያዊው ልጅም በበኩሉ «ሒሳብ የሚችለው» እንጂ ሰው መሆኑ ይረሳል፤ ሒሳብ የማይሆንለት ከሆነ ደግሞ ሀፍረቱ ድርብ ነው። ከካምቦዲያ፣ ከላኦስና ከቬትናም ጦርነት ባዶ እጃቸውን ወጥተው የመጡ ቤተሰቦች ልጆችም በዚያው «ጎበዝ እስያዊ» በሚለው ከረጢት ይጨመራሉ። ማወዳደር ካልቀረልዎት የልጅዎን ውጤት ካለፈው የራሱ ውጤት ጋር ያወዳድሩ።

ቀልዱን የሚያወጣው አጎት ከሆነስ? በእንግዳ ፊት ማረም ይከብዳል፤ ይሉኝታ አለ። «ኧረ ተው ጋሼ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ይዘውት ይሄዱና እኛን ያስጠሩናል» ማለት ይበቃል። ሳቅ ያለበት ነው፣ ሰውም አያስቀይምም፣ ሶፋው ጥግ ያለው ልጅም ይሰማዋል።

ከዚያ ልጁን ያናግሩ

«ትምህርት ቤት እንዴት ነበር?» ካሉት «ፋይን» ይልዎታል፣ በዚያው ያበቃል። መኪና ውስጥ፣ ፊት ለፊት ሳትተያዩ፣ የሚጨበጥ ነገር ይጠይቁ። «ዛሬ ምሳ ላይ ብቻውን የተቀመጠ ማን ነው?» «ክፍላችሁ ውስጥ ሁልጊዜ የሚሳቅበት ልጅ አለ?» «ሲሳቅበት አንተ የት ነበርክ?» መልሱ አጭር ቢሆንም አይጫኑት፤ ነገ መልሰው ይጠይቁ።

ብዙዎቻችን የሚያጋጥመን ችግር ቋንቋ ነው። እኛ በአማርኛ እንጠይቃለን፣ እነሱ በእንግሊዝኛ ይመልሳሉ። ለዚህ ርእስ ሲሉ እንግሊዝኛዎን አያስጨንቁት። ልብዎ ያለበትን ነገር በሚጥምዎት ቋንቋ፣ በአጫጭር ዓረፍተ ነገር ይናገሩ፤ ልጁ በፈለገው ይመልስ።

ለአምስትና ለስድስት ዓመት ልጅ ታሪክም ፖለቲካም አያስፈልገውም። «የሰው ዓይን፣ የሰው ቆዳ፣ የሰው ምግብ መሳቂያ አይደለም» ከተባለ ገብቶታል። የማወቅ ጉጉቱን ግን አይቆጡት። «ዓይኗ ለምን እንደዚህ ሆነ?» ብሎ ሱቅ ውስጥ ጮክ ብሎ ቢጠይቅ አፉን አፍነው አይጎትቱት። «እግዜር ሰውን በብዙ መልክ ሠራ፤ ያንተም ፀጉር ከእሷ ይለያል» ይበሉትና ገበያዎን ይቀጥሉ። የደነገጠ ወላጅ ያየ ልጅ ነገሩ የሚያሳፍር ነው ብሎ ይደመድማል።

ከስምንት እስከ አሥራ አንድ ያለው ልጅ ፍትሕ ይገባዋል፤ ዳኛ ነው። «አንተን ናይጄሪያዊ፣ ኬንያዊ፣ ሁሉም አንድ ነው ቢሉህስ?» ብለው ይጠይቁትና ፍርዱን ራሱ ይስጥ። ከዚያ በላይ ላለው ታሪክ ያስፈልገዋል፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ስልኩ ሲደወል

ከትምህርት ቤት ይደወላል። የዋና አስተዳዳሪዋ ረዳት ናት። ልጅዎ ምሳ ቤት ውስጥ የአንዱን ቬትናማዊ ልጅ ምግብ አይቶ አፍንጫውን ይዟል፣ ስለ ውሻ አንድ ነገር ተናግሯል፣ ዓይኑን በጣቱ ስቧል፤ ጠረጴዛው በሙሉ ስቋል። ምን ያደርጋሉ?

በቅድሚያ ስልኩ ላይ። «የኔ ልጅ እንዲህ አይልም» አይበሉ። «ቤት ይምጣ፣ አሳየዋለሁ» ማለትም አይረዳም። ሦስት ነገር ይበቃል፦ ስለ ደወሉልኝ አመሰግናለሁ፤ በትክክል ምን አለ፣ ምንስ አደረገ፤ ያኛው ልጅ እንዴት ነው? የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ይሠራል። ትምህርት ቤቱ ከጠበቃ ጋር ሳይሆን ከወላጅ ጋር እየተነጋገረ መሆኑን ያውቃል።

እንግሊዝኛው ካስቸገረዎት አስተርጓሚ ይጠይቁ። እንደ ሜሪላንዱ የሞንትጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች ያሉ ሐበሻ የሚበዛባቸው ዲስትሪክቶች የአማርኛ አስተርጓሚ ያቀርባሉ፤ በዋሽንግተን ዲሲም ከ2004 ጀምሮ የቋንቋ አገልግሎት ሕግ አለ። ልጅዎን ብቻ አያስተርጉሙት። የራሱን ክስ የሚተረጉም ልጅ እጅግ ሩኅሩኅ አስተርጓሚ ነው፤ «ትንሽ ተጫወትን ነው የምትለው» ይልዎታል።

ቀጥሎ ቤት ውስጥ። ንዴትዎ እስኪበርድ ይጠብቁና ለብቻው ያስቀምጡት፤ ወንድምና እህት በሌሉበት። «ለምን?» ብለው አይጀምሩ፤ ልጆች ለምን እንዳደረጉት አብዛኛውን ጊዜ አያውቁም፣ ሲጨነቁ ይዋሻሉ። «ምን ሆነ? ከመጀመሪያው ንገረኝ» ይበሉት። ከዚያ የሚመጡት መልሶች የታወቁ ናቸው።

«ቀልድ ነው።» ማን ሳቀ? እሱ ሳቀ? ብለው ይጠይቁ።

«እሱም ይስቃል።» ሊሆን ይችላል። የተከበበ ልጅ ይስቃል፤ ሌላ ምን አማራጭ አለው? አንተስ ሰዎች ስምህን እያጣመሙ ሲጠሩህ ስቀህ አታውቅም?

«ሁሉም ይላል።» ይህኛው እውነት ስለሆነ አይከራከሩት። ስለ ሌሎቹ ልጆች ስልክ የሚደወለው ለወላጆቻቸው ነው፤ የተደወለልኝ ስላንተ ነው፣ ይበሉት።

«እኔንም ጥቁር ብለው ይሰድቡኛል።» እዚህ ጋ ይቁሙ። ስልኩን ያስቀምጡና ይህን ያዳምጡ፤ የመጣችሁበትን ጉዳይ ለጊዜው ይተዉት። ማን፣ መቼ፣ ለማን ተናገርክ? ይህ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፣ እንደዚያው ተይዞ ለትምህርት ቤቱ ይቀርባል። ከዚያ በኋላ ብቻ ወደ መጀመሪያው ይመለሱ። የራሱ መጎዳት የእሱን ጥፋት አይሰርዝም፣ የእሱም ጥፋት የራሱን መጎዳት አይሰርዝም፤ የአሥር ዓመት ልጅ ሁለቱንም አንድ ላይ መያዝ ይችላል፣ ወላጁ ከያዘለት።

ወደ ልቡ የሚያስገባዎት መንገድ ምግቡ ነው። የሽንኩርት ቁሌት ሽታ የገባበት የክረምት ጃኬት ያላፈረበት ሐበሻ ልጅ እዚህ አገር የለም ማለት ይቻላል። ጃኬቱ ወጥ ቤቱ አጠገብ ተሰቅሎ ያድራል፣ ጠዋት አውቶቡስ ላይ አንዱ «ምንድን ነው የሚሸተው?» ይላል፣ ልጁም አንገቱን ይደፋል። ሽሮ በቴርሞስ ልከንለት ሳይከፍተው የመለሰበትን ቀን ያስታውሱት። የዚያ ልጅ እናትም ጠዋት ተነስታ የዓሣ መረቁን የቀመመችው እንደርስዎ ነው። እዚህ ላይ ንግግር አያስረዝሙ፤ ዝም ብሎ ይቀመጥበት።

ቅጣትን በተመለከተ፦ ቀበቶ አይነሳ። አሜሪካ ውስጥ ራሱን የቻለ መዘዝ እንዳለው ሁላችንም እናውቃለን፤ ያም ባይሆን ልጁ የሚማረው ጉልበት ያለው ደካማውን ይመታል የሚለውን ነው፣ ምሳ ቤት የሠራውም ይኸንኑ ነበር። ነገሩ በስልክ ወይም በግሩፕ ቻት የተፈጸመ ከሆነ ስልኩ ለተወሰነ ጊዜ ይወሰድ። ምሳ ቤት ከሆነ ደግሞ ቅጣቱ ጥፋቱን በማስተካከል ይሁን።

ማስተካከያው ይቅርታ ነው፣ ግን ክንዱን ቆንጥጦ «በል ይቅርታ በለው!» የሚለው ዓይነት አይደለም። መጀመሪያ በትምህርት ቤቱ አማካሪ በኩል ያኛው ልጅ ይቅርታውን መስማት ይፈልግ እንደሆነ ያስጠይቁ። የማይፈልግ ከሆነ መብቱ ነው። ከፈለገ ሦስት ዓረፍተ ነገር በእጁ ይጻፍ፦ ምን እንዳለ፣ ስህተት እንደነበረ፣ ዳግም እንደማያደርገው። «ከተሰማህ ይቅርታ» አይጻፍ። «እኔንም ይሰድቡኛል» የሚለውም እዚህ ደብዳቤ ላይ ቦታ የለውም። ከደብዳቤው የሚከብደው ሌላ ነገር አለ፤ አብረው ለሳቁት ጓደኞቹ «ያ ነገር ጥሩ አልነበረም፣ ከእንግዲህ አልልም» ማለት። ስድቡ የተነገረው ለእነሱ ሲባል ስለነበር መመለስ ያለበትም እነሱ ፊት ነው። ቃሉን ምን ብሎ እንደሚጀምር እቤት አብራችሁ ተለማመዱት።

ሽማግሌ መላክ ደግሞ ያምረናል። የእነሱ አባትና እናት፣ የእኛ ሁለት ሰዎች፣ ልጆቹ ይሳሳሙ፣ ነገሩ ይብረድ። ለጠብ ይህ ያምራል። አንዱ ሌላውን ሲያሳድድ የኖረበት ነገር ግን ጠብ አይደለም፤ ሁለቱንም እኩል አስቀምጦ «ሁለታችሁም ይቅር ተባባሉ» ማለት ምንም ላላደረገው ልጅ ሌላ በደል ነው። ወላጆቹን ማናገር ከፈለጉ እርስዎ ብቻ፣ በአጭሩ፣ በቅድሚያ ፈቃዳቸውን በትምህርት ቤቱ በኩል ጠይቀው ያድርጉት። ድፎ ዳቦ ይዘው በራቸው ላይ በድንገት አይቁሙ።

ሁለት ሳምንት ያህል ቆይተው ለአማካሪዋ ራስዎ ይደውሉላት። «አሁንስ?» ይበሉ። ይህን የሚያደርግ ወላጅ ጥቂት ነው።

ልጅዎ ተመልካች ከነበረ

ራይት ቱ ቢ የተባለው ድርጅት ለተመልካች የሚያስተምራቸው አምስት መንገዶች አሉ፦ ወሬ ማስቀየር፣ ሌላ ሰው መጥራት፣ ማስረጃ መያዝ፣ በኋላ ማጽናናትና በቀጥታ መናገር። ለልጆች ሲሆን የመጀመሪያው እና አራተኛው ይሻላሉ ብዬ አምናለሁ። «ና፣ ኳስ ልንጫወት ነው» ብሎ ልጁን ከመሀል ማውጣት ጀግንነት አይጠይቅም፤ የአምስተኛ ክፍል ልጅም ይችለዋል። በኋላ ሄዶ «ያሉህ ነገር ልክ አልነበረም» ማለትም እንዲሁ። በቀጥታ ተጋፍጦ መናገር ለትልቅ ልጅ፣ ያውም ድብደባ በማያሰጋበት ቦታ ነው። ቪዲዮ መቅረጽን በተመለከተ ጥብቅ ይሁኑ፦ የተቀረጸ ነገር ለአዋቂ ይታያል እንጂ ግሩፕ ቻት ላይ አይለቀቅም። የተለቀቀ ቪዲዮ ልጁን እንደገና ያሰድበዋል።

ዒላማው የእርስዎ ልጅ ከሆነ

የትዳር ጓደኛዎ እስያዊ ከሆነ፣ ወይም የሚያሳድጉት ልጅ እስያዊ ከሆነ፣ የሚከተለው ለእርስዎ ነው። የልጅዎን ጓደኛ ወላጆች መርዳት ለሚፈልጉም ይሆናል።

«ቻለው»፣ «ዝም በላቸው»፣ «አንተ ትምህርትህን ብቻ» አይበሉት። እኛ ያደግንበት ምክር ነው፣ እዚህ አይሠራም፤ ልጁ ከዚያ በኋላ መናገሩን ይተዋል። «ስለነገርከኝ ጎበዝ። ያንተ ጥፋት አይደለም» ይበሉት፤ በዚያኑ ምሽትም የተባለውን ቃል በቃል፣ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ማን እንደነበረ ይጻፉ። የቻት መልእክት ካለ ከመሰረዙ በፊት በስክሪን ቅጂ ያስቀምጡ።

ከዚያ ትምህርት ቤቱን በቃል ሳይሆን በኢሜይል ያሳውቁ። በስልክ የተባለ ነገር ይረሳል፤ የተጻፈ ቀን አለው። ለመምህሩና ለዋና አስተዳዳሪው በአንድ ላይ ይላኩ፣ «ልጄ በዘሩ ምክንያት እየተንገላታ ነው» ብለው በግልጽ ይጻፉ። ይህን ማለት ልዩነት አለው። ሃምሳዎቹም ግዛቶች ቡሊንግን (ልጅ ማንገላታትን) የሚከለክል ሕግ አላቸው፤ ከዚያ በላይ ደግሞ የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ስድስተኛ ክፍል የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ትምህርት ቤት ሁሉ በዘር፣ በቀለምና በትውልድ አገር የሚደረግን መድልዎ እንዳያስተናግድ ያስገድዳል። ሜሪላንድ ውስጥ ለዚህ የተዘጋጀ የማመልከቻ ቅጽ አለ፤ ሌላ ቦታም «የቡሊንግ ቅጽ ስጡኝ» ብለው ይጠይቁ። ምን እርምጃ እንደሚወሰድና እስከ መቼ እንደሆነ በጽሑፍ እንዲመልሱልዎ ያድርጉ። ካልመለሱ ወደ ዲስትሪክቱ ይሂዱ። ያም ካልሆነ ለፌዴራሉ የትምህርት ሚኒስቴር የሲቪል መብቶች ቢሮ ማመልከት ይቻላል፣ ያለ ክፍያና ያለ ጠበቃ፤ ጊዜ ገደቡ ድርጊቱ ከተፈጸመበት ቀን ጀምሮ 180 ቀን ስለሆነ በሽምግልና ስም አያስረዝሙት።

ለታዳጊው የሚነገር ታሪክ

አሥራ አራትና አሥራ አምስት ዓመት የሆነው ልጅ ምክር ይሰለቸዋል፤ ታሪክ ግን ይሰማል። የሁለት ሰዎችን ታሪክ አንድ ላይ ይንገሩት።

ቪንሰንት ቺን ዲትሮይት አካባቢ ይኖር የነበረ የ27 ዓመት ቻይናዊ አሜሪካዊ ነው። በጁን 1982፣ ሰርጉ በደረሰበት ሰሞን፣ ሁለት የመኪና ኢንዱስትሪ ሰዎች በቤዝቦል ዱላ ደብድበው ገደሉት። የጃፓን መኪና ሥራችንን ወሰደብን በሚባልበት ጊዜ ነበር፤ እሱ ግን ጃፓናዊ እንኳ አልነበረም። ገዳዮቹ በገደብ ተለቀቁ፣ 3,000 ዶላር ተቀጡ፣ ለግድያው የእስር ቅጣት አልፈጸሙም። ሙሉጌታ ሥራው ፖርትላንድ ኦሪገን የነበረ የ28 ዓመት ኢትዮጵያዊ ነው። በኖቬምበር 1988 የነጭ ዘረኛ ቡድን አባላት እንዲሁ በቤዝቦል ዱላ ገደሉት። እሱንም ቢሆን ማን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ የጠየቀው አልነበረም።

የሚቀጥለው ደግሞ ቀለል ያለ ነው። ሳይጎን በ1975 ከወደቀች በኋላ በጀልባ የወጡት ቬትናማውያን ጉዳይ ኮንግረሱን ወጥሮ ይዞ በመጨረሻ የ1980ው የስደተኞች ሕግ ወጣ፤ ፕሬዚዳንት ካርተር ፈረሙት። ከደርግ ሸሽተው በሱዳን በኩል የመጡ ብዙ ሐበሾች አሜሪካ የገቡት በዚሁ ሕግ ነው። ምሳ ቤቱ ውስጥ የተሰደበው ልጅ አያት እና የሰዳቢው አያት በአንድ በር ገቡ ማለት ነው። የክፍል ጓደኛው ኮሪያዊ ከሆነ ደግሞ የኢትዮጵያው ቃኘው ሻለቃ ከ1951 ጀምሮ ኮሪያ መዋጋቱን፣ ቹንቾን ከተማ ውስጥም የኢትዮጵያ ዘማቾች መታሰቢያ ሐውልት መኖሩን ይንገሩት። ለወሬ መክፈቻ ይሆነዋል።

የቀረው ጓደኝነት ነው፤ እሱን እኛ አንሠራላቸውም፣ በሩን ግን መክፈት እንችላለን። ልጅዎ አንድ ቅዳሜ እስያዊ ጓደኛውን ወደ ቤት ይዞ ቢመጣ ስሙን በትክክል ይጠይቁትና እስኪያስተካክልዎት ይደጋግሙት። ከየት እንደመጣ አይጠይቁት፤ ከዚሁ ከሮክቪል ነው የመጣው። አለርጂ እንዳለበት፣ የማይበላው ነገር እንዳለ ለወላጆቹ አስቀድመው መልእክት ይላኩ። አልጫውን አስቀድመው፣ ቀይ ወጡን በጎን ያቅርቡለት። ጉርሻ ለመጀመሪያ ቀን ይቅርበት፤ ራሱ ከጠየቀ ግን አንድ ትንሽ።